ስንት ባር ቀራችሁ?

ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ነገሩ የተጀመረው ሻይ ላይ ነው። ተረኞቹ የእሳት አደጋ ሠራተኞች የሆዝ፣ የውሃ ቱቦ ማለት ነው፣ ልምምድ ጨርሰው ላባቸው ገና አልደረቀም። አብሮኝ የሚያሠለጥነው ባልደረባዬ ብርጭቆውን አስቀመጠና፣ «እነዚህ ልጆች ሆዝ መዘርጋት ያውቃሉ፣ መሰላል ያውቃሉ፣ ማስክ ማጥለቅ ያውቃሉ። ሁሉንም ባንድ ላይ አድርጉ ብለናቸው እናውቃለን?» አለ።

ማንም አልመለሰለትም። አናውቅማ።

ሥልጠናችን እንደ ትምህርት ቤት ፕሮግራም ነው። ሰኞ ሆዝ፣ ማክሰኞ መሰላል፣ ረቡዕ ማስክ። ሰዓት ይያዛል፣ ለፈጠነው ይጨበጨብለታል። ጥሪ ሲመጣ ግን ያው ልጅ ሆዝ እየጎተተ፣ ሬዲዮ እየሰማ፣ በጀርባው ያዘለውን አየር እየቆጠረ፣ ጭስ ውስጥ ግድግዳ እየዳበሰ ነው። ከኋላው ደግሞ «ልጄ ውስጥ ናት!» የምትል እናት አለች።

በሁላችንም ልብ ውስጥ ያለው መርካቶ ነው። ጥቅምት 11 ማታ ሸማ ተራ እሳት ከተነሳ ሦስት ወር አለፈው። የመንገዱ ጥበት ማሽን፣ የእሳት አደጋ መኪናውን ማለቴ ነው፣ ለማስገባት ምን ያህል እንዳስቸገረ ያኔ በይፋ ተነግሯል። መርካቶን የሚያውቅ ሰው ሳይነገረውም ያውቀዋል። ሱቁ ላይ ቆጥ አለ፣ ቆጡ ላይ ቦንዳ አለ፣ ከበሩ ፊት ሸራ ተወጥሯል። ጨርቅ ደግሞ ላዩ ጠፋ ሲሉት ውስጥ ውስጡን ሲጨስ ያድራል።

ስለዚህ እንሞክር ተባባልን። በጀት የለም። የእውነት እሳት አናነድም። ያለን ግቢው፣ ሁለት አሮጌ ኮንቴይነር፣ ስድስት ፈቃደኛ ልጆችና ሁላችንም ጋሽ ፓምፕ የምንላቸው አንጋፋ የፓምፕ ኦፕሬተር ናቸው። ማስታወሻውን የምይዘው ለራሴ ነው። ሌላ ሰው ሊሠራው ቢፈልግ ደግሞ ቢያንስ የኛን ስህተት ከመድገም ይድናል።

ጥር 27

ሳምንቱ በአናጢነት አለፈ። ሁለቱን ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነሮች ጎን ለጎን ሳይሆን እንደ መታጠፊያ አገጣጠምናቸው። ውስጡን በኮምፔንሳቶ ከፋፍለን አምስት ሱቅ የመሰለ ነገር አወጣን። አንዱ ላይ ቆጥ ሠራንለት። በአሮጌ ቆርቆሮ ደግሞ ወደ በሩ የሚወስድ መንገድ አጠርን። ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ አያልፍበትም። ባልደረባዬ ሜትሩን ይዞ፣ «ትንሽ ሰፋ» አለና አጥሩን ወደ ውስጥ ገፋው። ልክ ነበር።

ተጎጂ ያስፈልገናል። ያረጀ ሆዝ ቆራርጠን አሸዋ ሞላንና እጅና እግር አደረግነው። ሆዱ የማዳበሪያ ጆንያ ነው፣ ላዩ ላይ የሥራ ቱታ። ሚዛን ላይ 68 ኪሎ ወጣ። ስሙ አቶ አሸዋ ተባለ። ካቦርት ይልበስ ያለም ነበር።

ጭሱ ቸገረን። ጎማ ማቃጠል የሚታሰብ አይደለም፤ ሰው እንመርዛለን። መፍትሔው ከሠርግ ቤት መጣ። ሙዚቃ የሚያከራዩ ልጆች ዘንድ የጭስ ማሽን አለ፤ ሙሽሮች ሲገቡ እግራቸው ሥር የሚለቀቀው። ኮንቴይነር ውስጥ አምስት ደቂቃ ሲሠራ የዘረጉትን እጅ ጣት አያዩም። ትንሽ ጣፈጥ ያለ ሽታ አለው። አንዱ ልጅ ማስኩን አውልቆ፣ «ኬኩስ የት አለ?» አለ።

የካቲት 1

የመጀመሪያው ሙከራ። ጉድ ሆነ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ብዙ ሥራ ባንዴ መለማመድ ማለት ያገኙትን ሁሉ መጨመር መሰለኝ። ጭስ አለ፣ በስፒከር የገበያ ጫጫታ አለ፣ ሬዲዮ አለ፣ ባለሱቅ ሆኖ የሚጮህ ሰው አለ። ያም አልበቃኝም። የሆነ ቦታ ያነበብኩትን ይዤ፣ ውስጥ ያሉትን በሬዲዮ ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሳችሁ ቁጠሩ አልኳቸው። ዘጠና ሦስት፣ ሰማንያ ስድስት እያሉ እንዲወርዱ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ሐሳብን ለመወጠር የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው።

ቡድን መሪው ሰባ ዘጠኝ ላይ ሬዲዮውን ዘጋው። በቃ፣ ዘጋው። ከዚያ በኋላ ሆዙን ዘርግተው፣ አቶ አሸዋን አግኝተው፣ ጎትተው አወጡት። በጊዜውም ደህና ነበሩ።

ሲወጡ ጋሽ ፓምፕ እየሳቁ፣ «ልጄ፣ እሳት ውስጥ ሂሳብ የሚጠይቀን ማነው?» አሉኝ።

አፈርኩ። በኋላ ሳስበው ግን ሁለት ነገር አስተምሮኛል። ሰው ሲበዛበት የሚጥለው መጀመሪያ የማይጠቅመውን ነው፤ ሰባት ሰባት መቀነስ ደግሞ ለማንም አይጠቅምም። ሁለተኛው ይከፋል። ሬዲዮውን ሲዘጋ ማንም አልደነገጠም። እኛ ውጭ ያለነውም ጭምር። በእውነተኛ እሳት ቢሆን ያ ሰው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም።

የካቲት 6

ዛሬ ልምምድ የለም። ወረቀት ላይ አምስት ቃል ጻፍኩ። ዓይን፣ ጆሮ፣ እጅ፣ አፍ፣ ሐሳብ። ከዚያ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ውስጥ ሆኖ የሚሠራውን ሁሉ እየዘረዘርኩ የትኛውን እንደሚይዝበት ምልክት አደረግኩ።

ሆዝ መጎተትና ሬዲዮ መስማት አይጋጩም። አንዱ እጅ ነው፣ አንዱ ጆሮ ነው። ሬዲዮ መስማትና የሚያቃስት ሰው ማዳመጥ ግን ሁለቱም ጆሮ ላይ ናቸው። የአየር መለኪያውን ማየትና የሚረግጡትን ማየት ሁለቱም ዓይን ላይ። እንግዲህ የሚጠቅመው ሥራ ማብዛቱ አይደለም። እውነተኛ እሳት ላይ የሚጋጩትን ጥንዶች ለይቶ ሆን ብሎ ማጋጨት ነው።

ከሁሉም የሚከብደው የቡድን መሪው ሐሳብ ነው። እሱ ጭንቅላት ውስጥ ሁለት የሚያልቅ ነገር ባንድ ጊዜ ይቆጠራል።

አንዱ ውሃ ነው። 5,000 ሊትር የያዘ ማሽን በደቂቃ 400 ሊትር በሚረጭ አንድ ኖዝል (የሆዙ መርጫ አፍ) 12 ደቂቃ ተኩል ይቆያል። ሁለት ኖዝል ከከፈትክ ስድስት ደቂቃ ብቻ በል። ቦቴው ካልደረሰ ከዚያ በኋላ የያዝከው ባዶ ሆዝ ነው።

ሁለተኛው አየር ነው። ሰው «ኦክስጅን» ይለዋል፤ ተራ አየር ነው፣ ተጨምቆ የገባ። የሚለካው በባር ነው፣ በግፊቱ ማለት ነው። 6.8 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር 300 ባር ሲሞላ 2,040 ሊትር ይሆናል። ረጋ ብሎ በደቂቃ 40 ሊትር ለሚተነፍስ 50 ደቂቃ ነው። 68 ኪሎ ለሚጎትት ሰው ግን በደቂቃ 80 ሊትርም ሊሄድ ይችላል፤ 25 ደቂቃ። ማስጠንቀቂያ ፊሽካው የሚጮኸው 55 ባር አካባቢ ነው። በዚያ አተነፋፈስ የቀረህ አምስት ደቂቃ አይሞላም። ከአምስት ደቂቃ በላይ ገብተህ ከሆነ ፊሽካው የሚነግርህ እንደረፈደብህ ነው። ስለዚህ መመለሻህን የምትቆርጠው አንተ ነህ፣ ገና ፊሽካው ሳያስብ።

ይኼን ሁሉ ክፍል ውስጥ ጠይቃቸው፣ እንደ ውሃ ይጠጡታል። ፈተናው ላይ 100 ያመጣ አለ።

የካቲት 11

ዛሬ ውጭ ያለውን ሰው ፈተንን። ጋሽ ፓምፕን አይደለም፣ ከሥራቸው የሚማረውን ወጣት ኦፕሬተር።

በጠባቡ መንገድ ስድስት ሆዝ በእጅ ተዘረጋ። እያንዳንዱ 20 ሜትር፣ ባለ 65 ሚሊ ሜትር። ውሃ ሲሞላ አንዱ ብቻ 66 ሊትር ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ አነሳዋለሁ፣ አስተካክለዋለሁ ማለት ዘበት ነው። ስለዚህ ውሃ የሚለቀቀው ኖዝል ያዡ ቆሞ፣ ይዞ፣ ዝግጁ ሲል ነው። ትእዛዙ ደግሞ አንድ ቃል ነው፤ «ውሃ!»

ከሌላው ፈረቃ አሥር ልጆችን ተመልካች አደረግናቸው። እንደ ሰፈር ሰው ሁኑ አልናቸው። ሌላ ምንም አላልናቸውም።

የሰፈር ሰው እሳት ሲያይ ምን ብሎ ይጮኻል? «ውሃ! ውሃ! ኧረ ውሃ!»

ኦፕሬተሩ ለቀቀው። ሁለተኛው ሆዝ ገና መታጠፊያው ላይ እንደ ጥምጥም ተጠቅልሎ ነበር፣ ኖዝል ያዡ አንድ ጉልበቱ መሬት ላይ ነበር። ሆዙ ተነፋ፣ ተወራጨ፣ ቆርቆሮ አጥሩን ጣለው። ሰው አልተጎዳም፤ ግፊቱን አስቀድመን ዝቅ አድርገነው ነበር። ልጁ ግን ፊቱ አመድ መሰለ። «ውሃ ተባልኩ» ይላል። ተብሏል፤ ያሉት ግን አዛዦቹ አልነበሩም።

ሃያ ዓመት ሙሉ ትእዛዛችንና የሕዝቡ ጩኸት አንድ ቃል መሆኑን ያስተዋለ የለም። እንዴት እናስተውል? ግቢያችን ውስጥ ሕዝብ የለማ። ከዛሬ ጀምሮ ውሃ የሚለቀቀው በተነሳ እጅ ነው፣ እጅ በማይታይበት ደግሞ በሬዲዮ በቡድን ስም።

ማታ ጋሽ ፓምፕ ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው ሲያጽናኑት ሰማሁ። ማጽናኛቸው ጥያቄ ነው። «ከወንዝ ፓምፕ ስንት ሜትር ወደ ላይ ይስባል?» ልጁ አሥር አለ፣ መጽሐፉ እንደሚለው። «እሱ ባሕር ዳርቻ ነው። እኛ ያለነው 2,300 ሜትር ላይ ነው። እዚህ አየሩ ራሱ ስስ ነው፤ በሂሳብ ስምንት አይሞላም፣ በተግባር ስድስት ካገኘህ ተመስገን በል።» ልጁ ሳቀ።

የካቲት 19

ሰኞ ዐቢይ ጾም ገባ። ቅዳሜ ረመዳን ሊገባ ነው ይባላል። ከስድስቱ ልጆቼ ሁለቱ ሙስሊም ናቸው፣ ከቀሩት ሦስቱ ጿሚዎች። ወፍራሙን ልብስ ለብሶ፣ ሲሊንደር አዝሎ፣ ውሃ ሳይጠጡ መሮጥ ቀልድ አይደለም። በሥራ ላይ በሚሞቱ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ታሪክ፣ አሜሪካኖቹ ጋ ለምሳሌ፣ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው እሳቱ ሳይሆን ድንገተኛ የልብ ችግር ነው። ሙቀትና ድካም ልብ ላይ ይደራረባሉ።

ፕሮግራሙን ገለበጥነው። ቀን ቀን ጠረጴዛ ላይ እንሠራለን። የመርካቶን መንገድ በጠመኔ መሬት ላይ ሥለን፣ የክብሪት ቀፎ ማሽን ነው፣ ቆርኪ ሰው ነው። ከባዱ ሩጫ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ሁሉም በልቶ፣ ጠጥቶ፣ አርፎ። ጨለማውን በነጻ አገኘነው። እስከዛሬ ማስክ ላይ ጨርቅ እያሰርን ነበር የምናጨልመው።

የካቲት 26

ዋናው ቀን ይኼ ነው። በዝርዝር ልጻፈው።

ሁለት ልጆች ገቡ። መግቢያ ላይ ሦስተኛው ቆሟል፣ ሰሌዳ ይዞ። ሥራው ማን በስንት ሰዓት በስንት ባር እንደገባ መጻፍ፣ በየጥቂት ደቂቃው በሬዲዮ መጠየቅ፣ ማስላት ነው። ሲገቡ 290 ባር ነበራቸው። ጽፎታል፣ ጽሑፉም ያምራል።

ውስጥ የሰጠናቸው መመሪያ ቀኝ ግድግዳውን ይዛችሁ አምስቱንም ሱቅ ፈትሹ የሚል ነው። በሩን እየቆጠሩ ነው የሚሄዱት፤ ጭስ ውስጥ ካርታህ እሱ ነው። ስፒከሩ ይጮኻል። እኔ ባለሱቅ ሆኜ በሩ ላይ፣ «ካዝናዬን! እባካችሁ ካዝናዬን!» እላለሁ።

17ኛው ደቂቃ ላይ የሰሌዳው ልጅ ጠየቀ። «ስንት ባር ቀራችሁ?»

መልስ መጣ። «ሁለት ቀርቶናል!»

እሱም «200» ብሎ ጻፈ። ማርከሩን ከደነ። እኔ ደግሞ ካዝናዬን እያልኩ መጮሄን ቀጠልኩ።

ሦስት ደቂቃ እንኳ በቅጡ ሳይሞላ ከውስጥ ፊሽካ ሰማን። የአየር ማለቂያ ፊሽካ። ሰሌዳው ላይ ግን 200 ይላል።

አስቆምን፣ አወጣናቸው። ጭሱ የሠርግ ጭስ ነውና ማስኩን ማውለቅ ነበር፤ ምንም አልሆኑም። ግን ግቢው ጸጥ አለ። መልስ የሰጠውን ልጅ ጠየቅኩት። «ሁለት ያልከው ምኑን ነው?»

«በር ነዋ። አምስት ነበሩ፣ ሦስቱን ፈትሸናል። ስንት በር ቀራችሁ አይደል ያለኝ?»

ስንት ባር። ስንት በር።

ያን ሰዓት መለኪያው ላይ የነበረው 90 ገደማ ነው። በማስክ ውስጥ የተነገረ፣ በሬዲዮ የተጨናነቀ አንድ ፊደል። አንዱ አየር ጠየቀ፣ ሌላው በር መለሰ፣ ሁለቱም ትክክል ተናገሩ።

የሰሌዳው ልጅ ቢያሰላ ይነቃ ነበር። 17 ደቂቃ ሠርተው 90 ባር ብቻ ከጨረሱ በደቂቃ 36 ሊትር ተነፈሱ ማለት ነው። ቁጭ ብሎ ቡና የሚጠብቅ ሰው እንጂ ግድግዳ እየዳበሰ ቦንዳ የሚያገላብጥ ሰው አይደለም። ግን ሊያሰላ ሲል እኔ ጆሮው ሥር ካዝናዬን እላለሁ።

የካቲት 27

ሌሊቱን አልተኛሁም። ጠዋት ያንኑ ልጅ ክፍል ውስጥ አስቀምጬ፣ ማስክ አልብሼ፣ በዚያው ሬዲዮ ሃያ ጊዜ «ስንት ባር ቀረህ?» አልኩት። ሃያውንም መለኪያውን አይቶ መለሰ። አንድም ጊዜ አልተሳሳተም።

እንግዲህ ሬዲዮው አልተበላሸም፣ ልጁም ጆሮው ደህና ነው። በር እየቆጠረ ያለ ሰው በር ይሰማል። ይኼ ስህተት ሰኞ ሆዝ፣ ረቡዕ ማስክ እያልን ብንኖር በመቶ ዓመትም አይገለጥልንም ነበር። የሚታየው መቁጠሩ፣ መስማቱና መዳበሱ ሲገናኙ ብቻ ነው።

«ባር» የሚለውን ቃል ከሬዲዮ አስወጣነው። አሁን ጠያቂው «ቡድን አንድ፣ አየር?» ይላል። መላሹ «አየር ዘጠኝ ዜሮ» ይላል። ጠያቂው መልሶ ይደግመዋል። ባልደረባዬ አኩርፏል። «ቃል ቀይረን ተገላገልን እንዳትል» ይላል። «ነገ ሌላ ቃል ይጋጫል። እኔን የሚያሳስበኝ የሰሌዳው ልጅ አለማስላቱ ነው።» እውነት አለው። ሰሌዳው ላይ አንድ ረድፍ ጨመርን፤ ሰውየው የሚናገረው ሳይሆን እኛ የምንጠብቀው ቁጥር። ሁለቱ ከተራራቁ ደግመህ ጠይቅ። ባልደረባዬ ግን አሁንም አልተዋጠለትም።

መጋቢት 4

አጭር ነገር። ናሳ ለአብራሪዎች ያወጣው የሥራ ጫና መመዘኛ አለ፤ ስድስት ጥያቄ ነው። ምን ያህል አሳሰበህ፣ ምን ያህል አደከመህ፣ ምን ያህል አጣደፈህ፣ ምን ያህል ለፋህ፣ ምን ያህል ተሳካልህ፣ ምን ያህል አበሳጨህ። ወደ አማርኛ መልሼ ሰጠኋቸው።

ሁሉም «አልደከመኝም» ብለው ሞሉ። ከኮንቴይነሩ እየተጎተተ የወጣው ሳይቀር። ጓደኛው አጠገቡ ቆሞ እያየ ማን ደከመኝ ይላል?

ወረቀቱን ተውነው። አሁን ሲወጡ ለየብቻ እያናገርን አንድ ነገር ብቻ እንጠይቃለን። «ምኑ ላይ ጠፋብህ?» ለዚህ ሁሉም መልስ አለው። «ከሁለተኛው ሱቅ በኋላ ግራና ቀኙ ጠፋኝ።» «ሬዲዮ ሲጮህ የያዝኩትን ግድግዳ ለቀቅኩ።» ከዚያ ቤቱን ሥለው ያሳዩናል። የአንዱ ሥዕል ላይ አራት ሱቅ ነበር። ቡታጋዝ ሲሊንደር ያስቀመጥንበት አምስተኛው የለም።

መጋቢት 10

ይኼን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር።

ዛሬ አንዱ ልጅ ቆጡ ሥር ሲያልፍ የሲሊንደሩ ማሰሪያ በሽቦ ተያዘ። በተነጋገርነው መሠረት ኮንቴይነሩን ሦስት ጊዜ ደበደበ። አቁሙ ማለት ነው።

እኔ አልሰማሁም። በአንድ እጄ ሰዓት ይዣለሁ፣ በሌላው የስፒከሩን ስልክ፣ በብብቴ የጭስ ማሽኑን ሪሞት፤ አፌ ደግሞ ባለሱቅ ነው። ለሌላው ጆሮ ሞላበት ብዬ ሁለት ገጽ ጽፌያለሁ። ባልደረባዬ ነው የሰማው፤ ሮጦ ገብቶ በመቁረጫ ፈታው። ልጁ ደህና ነው። እኔ ግን እጄ እስኪመሽ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በሥልጠና ሰው ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ1982 ኮሎራዶ ውስጥ ቦልደር ከተማ ሁለት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ለልምምድ በተነደደ እሳት ሞተዋል። አሜሪካኖቹ ኤንኤፍፒኤ 1403 የሚሉትን የእሳት ሥልጠና ደንብ በ1986 ያወጡት ከዚያ ወዲህ ነው። የደህንነት ኃላፊ ለብቻው እንዲመደብ የሚያዝዘው፣ እሳት ባለበት ልምምድ ሕያው ሰው ተጎጂ ሆኖ እንዳይተኛ የሚከለክለውም እሱ ነው። እኛ እሳት ስለሌለን አይመለከተንም ብለን አልፈነው ነበር። አሁን ይመለከተናል።

አዲሱ ደንባችን ይኼ ነው። አንድ ሰው ምንም አይሠራም። ሰዓት አይዝም፣ ስልክ አይነካም፣ አይጮህም። ቆሞ ያያል፣ ይሰማል፣ ያስቆማል። ማስቆሚያው ቃልም «አቁም» አይደለም፤ «አቁም» በልምምዱ መሀል አሥር ጊዜ ይባላል። እሳት ቦታ ማንም የማይለው ቃል ተፈለገ። ክርክሩ ራሱ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። «ሎሚ» ተመረጠ። ሎሚ ሦስት ጊዜ ከተባለ ሁሉም ባለበት ይቆማል፣ መብራት ይበራል፣ የኮንቴይነሩ በር ይከፈታል።

መጋቢት 17

ሁሉንም ያዋሃድንበት ምሽት። በዚህ ጊዜ ጫጫታውን ቀነስነው። ገና ሲጀመር ጸጥታ ነው፤ እየቆየ ነው የሚመጣው። ሆዝ ዘርግተው ሲጨርሱ ሕዝቡ መጣ። ሲገቡ ባለሱቁ። ሦስተኛው ሱቅ ላይ ሲደርሱ ጋሽ ፓምፕ በሬዲዮ፣ «ውሃዬ ግማሽ ደርሷል፣ ቦቴ አልመጣም» አሉ። እውነትም አልመጣም፤ ቦቴውን ከግቢ አስወጥተነው ነበር።

ሕዝቡ «ውሃ! ውሃ!» ሲል ወጣቱ ኦፕሬተር አልነቃነቀም። እጅ እስኪነሳ ጠበቀ። አንዱ ተመልካች ተጫውቶ እጁን ሲያነሳበት እንኳ የራስ ቆቡን አይቶ ተወው።

ሰሌዳው ላይ የምንጠብቀውና የሚናገሩት ቁጥር በ20 እና በ30 እየተለያየ ሄደ። ቡድን መሪው አንድ ኖዝል አዘጋ። ቀጥሎ አየር አንድ-አንድ-ዜሮ የሚል መልስ መጣ። በዚያች ቅጽበት ከውስጥ አንደኛው፣ «እግር አገኘሁ! ቆጥ ላይ ነው!» አለ።

ቡድን መሪው ሁለት ሰከንድ ዝም አለ። ከዚያ፣ «ውጡ። ሁለተኛው ቡድን ይገባል» አለ።

አቶ አሸዋ እጃቸው ገብቶ ነበር። ወጡ። ሁለተኛው ቡድን ገብቶ አወረደው፤ ቆጡ ጠባብ ነበርና ማውረዱ ብቻ ስድስት ደቂቃ ፈጀ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት ከልምምዱ ረዘመ። የወጡት ልጆች ተናደዋል። «ሰው ቢሆን ኖሮስ? እግሩን ይዤው ነበር'ኮ!» ቡድን መሪው አልተከራከረም፣ ሰሌዳውን አሳየ። 110 ባር በነሱ አተነፋፈስ ፊሽካው እስኪጮህ አምስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ማውረዱ ስድስት፣ ከዚያም የመውጫው መንገድ አለ።

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ማሳቹሴትስ ውስጥ ዉስተር ከተማ የሆነውን ነገርኳቸው። ባዶ የሥጋ ማቀዝቀዣ መጋዘን ይነድዳል። ቤት የሌላቸው ሰዎች ውስጥ አሉ ተባለ። ሊፈልጉ የገቡ ሁለት ሠራተኞች ጭስ ውስጥ መንገድ ጠፋቸው፣ አየራቸው አለቀ። እነሱን ፍለጋ የገቡ አራት ሌሎችም አልተመለሱም። ስድስት ሰው። የሚፈለጉት ሰዎች አስቀድመው ወጥተው ነበር። በመጨረሻ የቦታው አዛዥ በሩ ላይ ቆሞ በገዛ ሰውነቱ ዘጋው፣ ሌላ ሰው አላስገባም አለ። ጓደኞቹ ውስጥ እያሉ።

ትንሹ ልጅ አልረካም። «እነሱ ጋ ሰው አልነበረም። እኔ ግን ይዤው ነበር» አለ።

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ቡድን መሪውም አልነበረውም። እራት ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው አልተነጋገሩም።

መጋቢት 20

ትንሹ ልጅ ጠዋት ቢሮ መጣ። ያው ልምምድ ይደገምልን ይላል። ግን ሁለት ነገር ይቀየር። አቶ አሸዋ የት እንዳለ ቡድን መሪውም እኔም አንወቅ፤ ሌላ ሰው ይደብቀው። ሁለተኛው ቡድን ደግሞ በር ላይ ሳይሆን ሁለተኛው ሱቅ ድረስ ገብቶ ይጠብቅ፣ ቅብብሉ እንዲያጥር። የመጀመሪያውን ወዲያው ተቀበልኩት። ሁለተኛው የሚጠብቁትንም አየር ይበላል፤ ጠረጴዛ ላይ በቆርኪ እንሞክረው ተባባልን። ቡድን መሪውን ጠርቶ ቆርኪዎቹን የደረደረው ራሱ ነው።

የጭስ ማሽኑን ዛሬ መለስኩ። አከራዩ ልጅ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተና ቀና ብሎ አየኝ። «ምን ዓይነት ሠርግ ነው ይኼን ያህል የጨረሰው?» አለ። አሁን ጾም ስለሆነ ሠርግ የለም፣ እስከ ፋሲካ ድረስ በግማሽ ዋጋ ልስጥህ አለኝ። መልሼ ይዤው መጣሁ።